"ጉዳዩ ተዘግቷል" ላሉት መምህሬ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ?

ጽሑፍዎን ያነበብኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሁለተኛው ቡና ላይ። ሦስት ሰው ልኮልኝ ነበር። አንዱ "መምህር አበጥረውታል፣ አለቀ" የሚል ቃል ጨምሮበታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጅዎ እንደ ድሮው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምሳሌው የገበሬ። ሐሳቡ ግን ብዙ ቦታ ላይ ቸኩሎብኛል።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጽሑፉ ስለ ጾታ ማንነትና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ የተጻፈላቸው ጾታ ራሳቸውን ከሚያውቁበት ጋር ስለማይገጥምላቸው ሰዎች፣ ሕጋዊ ዕውቅና በዓለም የሚካሄደው ክርክር እኛን አይመለከተንም ይላል። ሳይንሱ ግልጽ ነው። አማርኛችን ራሱ ከ"አንተ" እና ከ"አንቺ" ሌላ አያውቅም። ነገሩ የፈረንጅ ጭነት ነው፣ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮም አያውቅ። እንግሊዞች እንኳ በፍርድ ቤታቸው ዘግተውታል። ልጆች ይጎዳሉ። የኛም ሕግ ቁርጡን ተናግሯል። ጽሑፉ በአንድ ቃል ነው የሚያልቀው፤ "ተዘግቷል"።

እርስዎ እንደሚያውቁት እኔ አንድ ቀበሌ ውስጥ የክብር መዝገብ ሹም ሆኜ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት ስመዘግብ ማለት ነው። ስለዚህ የምመልስልዎ ከፍልስፍና ሳይሆን ከቅጹ ተነሥቼ ነው። ቅጹ ላይ "ጾታ" የምትል አንዲት ቦታ አለች። እሷን ለመሙላት ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም። አንዳንድ ቀን ግን ሰባት ወር ይፈጃል።

"ኤክስ ዋይ ወንድ፣ ኤክስ ኤክስ ሴት፤ ክሮሞዞሙን ያየ ሁሉን አየ" ብለዋል።

ግማሹን እቀበላለሁ። የሰው ልጅ የሚራባው በዕንቁላልና በወንድ ዘር ነው፤ ሦስተኛ የለም። "ጾታ ቀስተ ደመና ነው" የሚሉትን ሲተቹ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ ግን ዘለሉ። ፅንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ወንድም ወደ ሴትም ሊያድግ የሚችል አካል ነው ያለው። ወደ ወንድነት የሚመራው ዋይ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ያለ ኤስአርዋይ የሚባል ዘረመል ነው፤ እሱም የተገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ይህ ዘረመል አንዳንዴ ይበላሻል፤ አንዳንዴ ወደ ኤክስ ይሻገራል። ዘረመሉም ሆርሞኑም ተሟልቶ ሰውነት ሆርሞኑን የማይሰማበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለች ልጅ ስትወለድ አዋላጇም እናቷም ያዩት ሴት ነው። ስታድግ ጡት ታወጣለች። የወር አበባ ቀረብኝ ብላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ነው ኤክስ ዋይ መሆኗ የሚነገራት። እርስዎ ባሉት መለኪያ ያን ዕለት ከሐኪሙ ክፍል ወንድ ሆና ትውጣ?

ይህ የደረሰባት ሰው አለች። ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔስ ፓቲኞ እ.ኤ.አ. በ1985 በክሮሞዞም ምርመራ ወድቃ ከውድድር ወጣች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሰው ተቀበሏት። ኦሊምፒክ ያን ምርመራ በ1968 ጀምሮ በ1999 ተወው። የዓለም አትሌቲክስ ደግሞ በ2025 ኤስአርዋይን መመርመር ጀመረ። ነገሩ እንዳሉት ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ይህ ሁሉ መመላለስ ባልመጣ። በሩጫው ላይ ግን አልከራከርዎትም። በወንድ ጉርምስና ያለፈ ሰውነት ከሴቶች ጋር ሲሰለፍ ብልጫው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። የዓለም አትሌቲክስም ከ2023 ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው። የሯጭ አገር ልጅ ሆኖ ይህን የማይገባው የለም።

"ተፈጥሮን እዩ" ስላሉ አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዳር ዳርቻ ፓፓያ የሚተክል ገበሬ ሦስት ዓይነት ያውቃል፤ ወንዴ፣ ሴቴ፣ ሁለቱንም የያዘ። ሰው ፓፓያ አይደለም፣ አውቃለሁ። ምሳሌውን የጀመሩት እርስዎ ነዎት።

ከማዶ ያሉትን፣ ለትራንስጀንደር ሰዎች የሚሟገቱትንም ላስቀይም። እነዚያ ሰዎች ወንድ ይሁን ሴት አካሉ ሳይለይ የተወለደውን ሁሉ እንደ ጋሻ ይይዙታል። ቁጥሩን አንዱ 1.7 በመቶ ይለዋል፣ ሌላው 0.018 በመቶ፤ ልዩነቱ ማን ይቆጠር በሚለው ነው። እንዲህ ሆኖ መወለድና ትራንስጀንደር መሆን ደግሞ አንድ አይደለም። አብዛኛው ትራንስጀንደር ሰው ሲወለድ አካሉ የለየ ነው። የማይገጥመው ሰውየው ራሱን የሚያውቅበትና አካሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን አለመግጠም ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር አስቀምጦታል። እርስዎ "የአእምሮ ሕመም መሆኑን ዓለም የተስማማበት" ብለው የጻፉት ስለዚህ ቢያንስ አርጅቷል።

አማርኛው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰዋስው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

"ቋንቋችን ከአንተና ከአንቺ ሌላ አያውቅም፣ ይህም የተፈጥሮ ምስክር ነው" ይላሉ። ፀሐይ ትወጣለች፤ ጨረቃም ትወጣለች። ማን ገልጦ አያቸው? ያው አንድ መኪና ሲበላሽ "ቆመ" ይባላል፣ ባለቤቱ ሲወዳት ደግሞ "ይቺ መኪናዬ" ናት። ነገርን ስናሳንስም ስናቆላምጥም በሴት እንጠራለን። እናት የሁለት ዓመት ሴት ልጇን "ና የኔ ጌታ" ብላ ታቅፋለች። ጎረምሳ ጓደኛውን ሊያበሽቅ ሲፈልግ "አንቺ" ይለዋል። ይህ ቋንቋ ጾታን ለፍቅርም፣ ለንቀትም፣ ለመጠንም እንደልቡ ያዘዋውረዋል።

ደግሞስ ከአንተና ከአንቺ ሌላ አያውቅም? እርስዎ። አንቱ። እሳቸው። እኔ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። ከመደቦቻችን ጾታ የሚለዩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ያውም ለቅርብ ሰው ወይም ለታናሽ የምናወጣቸው። በኛ አገር አማቱን "አንተ" ያለ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። ያከበርነውን ሰው ስንጠራ መጀመሪያ የምናወልቀው ጾታውን ነው።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው መምህሩ ወንድ ይሁኑ ሴት አያውቅም። ተመልሶ ይፈልግ። "መምህር" ስል ወንድ የመሰለው ካለ፣ ጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ያስተማሩበት አገር ነው። የኔንም አላወቀም፤ አማርኛ ስለ ራሴ ሳወራ አይጠይቀኝም። እስካሁን ግን ሳንግባባ አልቀረንም። ይህ ስለ ትራንስጀንደር አንዳች ነገር ያረጋግጣል አልልም። ቋንቋ ለማንም አይመሰክርም፤ ለእርስዎም።

በነገራችን ላይ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች "ሥርዓተ ጾታ" የሚል ቃል ፈጥረው ከ"ጾታ" ለይተውታል፤ አንዱ አካሉን፣ ሌላው ማኅበረሰቡ የሚሰጠውን ቦታ ለመጥራት። እርስዎ ሁለቱን እያቀያየሩ ጽፈዋል፤ ግማሹ ጠብ የመጣው ከዚያ ነው። "ማንነት" ደግሞ በኛ አገር ሌላ ሸክም አለበት። "የጾታ ማንነት ጥያቄ" የምትለዋን ሐረግ ለአጎቴ ባነብለት ትንሽ አሰበና "ክልል ሊጠይቁ ነው?" አለኝ።

"የፈረንጅ ጭነት ነው" ለሚለው አንድ እውነት አለው። ከውጭ በገንዘብና በስብከት የሚገፋ ነገር አለ፤ አገር ሳያውቁ የሚናገሩም አሉ። ነገር ግን እስኪ ካርታውን እንይ፤ የውጭውን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኢራን ውስጥ አያቶላ ኾሜይኒ በ1980ዎቹ በሰጡት ብይን መሠረት ጾታን በቀዶ ሕክምና መለወጥ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰነዱም ይለወጣል። ያችው ኢራን ግብረ ሰዶምን በሞት ትቀጣለች። ኢራንን ላወድስ አይደለም፤ ሳይወድ ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚገፋ ሰው እንዳለ ይነገራል። እርስዎ በአንድ ጆንያ የከተቷቸው ሁለት ጉዳዮች በሌላው ዓለም በሁለት ጆንያ እንደሚሄዱ ለማሳየት ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ሦስተኛ ጾታን ዕውቅና ሰጠ። ፓኪስታን በ2018 ሕግ አወጣች፤ በ2023 የሸሪዓ ፍርድ ቤቷ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ጣላቸው። ደቡብ አፍሪካ ከ2004 ጀምሮ ሕግ አላት። የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 የአንድ ሰው መታወቂያ ላይ ያለው ጾታ እንዲለወጥ አዘዘ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 ሕዝብ ስትቆጥር ወንድ ወይም ሴት ተብለው ያልተለዩ 1,524 ሰዎችን መዘገበች። ይህ ሁሉ ፈረንጅ ነው? ፈረንጁ ራሱ ተከፋፍሏል። ሀንጋሪ በ2020 መዝገብ ላይ ያለው ጾታ እንዳይለወጥ ዘጋችው። አሜሪካ በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥቱ የሚያውቀው ሁለት ጾታ ብቻ ነው አለች።

"ጎጃም ውስጥ ኖሮ አያውቅም" ያሉትን ደግሞ ቃል ይመልስልዎ። ፍናፍንት የሚለውን ቃል ማን አወጣው? የሌለ ነገር ስም አይወጣለትም። ትራንስጀንደርን በተመለከተም፣ የለም ማለትና ደፍሮ የሚናገር የለም ማለት ይለያያሉ። እርስዎ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ስንት ሺህ ልጅ ፊትዎ አልፏል። የሁሉንም ሆድ አይተዋል?

መጽሐፉንም ጠቅሰዋል፤ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው። አሜን። ማቴዎስ 19ም ይህንኑ ይደግመዋል። ግን ስምንት ቁጥር ዝቅ ይበሉ፤ "በእናት ማኅፀን ጃንደረቦች ሆነው የተወለዱ አሉ" ይላል። ቀጥሎ ሰው የሰለባቸውን፣ ራሳቸውን የሰለቡትንም ይቆጥራል። ጃንደረባ ትራንስጀንደር ነው ብዬ ወንጌልን አላጣምምም። ወንጌሉ ግን ሁለቱን ከተናገረ በኋላ ከሁለቱ ያልገጠመውን ሰው አላለፈውም። በፊልጶስ እጅ የተጠመቀውም የኛው ሰው፣ የህንደኬ ጃንደረባ ነበር። ይህን ታሪክ በኩራት የማይጠቅስ ሰባኪ ጎጃም ውስጥ አላውቅም።

አሁን ወደ እንግሊዝ። ብዙ ሰው የጠቀሰልኝ ይህን ክፍልዎን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2025 የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ይህ ልክ ነው። የተጠየቁት ጥያቄ ግን ጠባብ ነበር። ስኮትላንድ በ2018 የመንግሥት ቦርዶች ግማሽ ያህሉ ሴት ይሁኑ የሚል ሕግ አወጣች። ስትወለድ ወንድ የተባለች፣ ኋላ ግን በሕግ ሴት የሚላት የጾታ ዕውቅና ወረቀት ያገኘች ትራንስጀንደር ሴት በዚያ ግማሽ ትቆጠር ወይስ አትቆጠር? መልሱ በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ ውስጥ "ሴት" ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ተንጠለጠለ። ዳኞቹ በዚያ ሕግ ውስጥ ሴት ማለት በተፈጥሮ ሴት የሆነች ናት፣ ወረቀቱ ይህን አይለውጥም አሉ። አትቆጠርም ብሎ የተከራከረው የሴቶች ማኅበር ረታ። እኔ ፍርዱ ይገባኛል፤ የሴቶች መጠለያ የሚያስተዳድር ሰው ቃሉ አንድ ትርጉም እንዲኖረው ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ያልጻፉት ቀሪው ነው። ያው ፍርድ ትራንስጀንደር ሰዎች ከአድልዎና ከትንኮሳ የሚጠበቁበት የሕጉ ክፍል እንዳለ ይቀጥላል ብሏል። ውሳኔውን በንባብ ያሰሙት ሎርድ ሆጅ ማንም ወገን ሌላውን እንደረታ አድርጎ እንዳያነበው መክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጾታ ዕውቅና ሕግም አልተሻረም። ሰው ዛሬም አመልክቶ ወረቀቱን ያገኛል። ፍርድ ቤቱ ያደረገው ወረቀቱ የት እንደማይሠራ መናገር ነው። ወረቀት የለም አላለም።

የ2004ቱ ሕግ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ከጡረታ። ክሪስቲን ጉድዊን ሲወለዱ በመዝገብ ወንድ ተብለዋል፤ የኖሩት ግን ሴት ሆነው ነው፤ ቀዶ ሕክምናውንም መንግሥት ነው ያደረገላቸው። ያኔ በእንግሊዝ ሴት በ60፣ ወንድ በ65 ነበር ጡረታ የሚወጣው። ጉድዊን 60 ሲደርሱ መዝገብዎ ወንድ ይላል፣ እስከ 65 መዋጮ ይክፈሉ ተባሉ። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ደረሰ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2002 አገሪቱ የግል ሕይወታቸውን አላከበረችም ብሎ ፈረደ። ነገሩ የተነሣው እንግዲህ ቅጽ ላይ ካለች አንዲት ሳጥን ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ፋይሉ ፊቱ ላይ ይመጣል፤ ማኅተሙ፣ ቁጥሩ፣ "ያልተሟላ" የምትለዋ ማስታወሻ።

"በቃል ብቻ ጾታ ይቀየራል" ብለው ያስፈሩንም አለ፤ በአንዳንድ አገር እውነት ነው። አርጀንቲና በ2012፣ አየርላንድ በ2015 ሰው በራሱ ማመልከቻ መዝገቡን እንዲያስቀይር ፈቅደዋል። ጀርመን ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በመዝገብ ቤት መግለጫ ይበቃል አለች። ስኮትላንድም በ2022 መጨረሻ እንዲህ ያለ ሕግ አጽድቃ ነበር፤ ለንደን ከለከላት። እኔ በግሌ ይህ አይዋጥልኝም። ምስክርና ማስረጃ የለመደ እጅ ነው ያለኝ። ግን እዩት፦ አንዱ ሁሉን ክፍት ያደርጋል፣ አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ መሐል ቆሞ ይለካል። ይህን ሁሉ አይቶ "ተዘግቷል" ማለት እንዴት ይቻላል?

ልጆችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ በአብዛኛው ተስማምተናል። በእንግሊዝ ዶክተር ሂላሪ ካስ የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሲወጣ ጉርምስናን ለሚያዘገዩ መድኃኒቶች ያለው ማስረጃ ደካማ ነው ብሏል፤ አገሪቱም ገታቻቸው። ትክክል አደረገች። አንድ ነገር ብቻ። "ሕፃናትን በቢላ" ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሌላ ሕፃን አስታወሰኝ። ያለ ፈቃዱ በጨቅላነቱ ቢላ የሚያርፍበት በአብዛኛው አካሉ ያልለየው ሕፃን ነው፤ ወይ ወንድ ወይ ሴት እንዲመስል ተብሎ። ማልታ በ2015 ይህን ከለከለች። ለሱም ቢጮሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ሽንት ቤት ያነሡትን እንለፈው። እኔ በተማርኩበት፣ እርስዎ ባስተማሩበት ትምህርት ቤት ለሴቶቹ የሚዘጋ በር እንኳ አልነበረም።

የቀረው "ሕጋችን ቁርጡን ተናግሯል" ነው።

የትኛው ሕግ? እርስዎ የጠቀሱት በኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ነው። እሱ በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል ስለሚፈጸም ድርጊት ይናገራል። ድርጊት። ስለ ጾታ ማንነት፣ ስለ ስም፣ ስለ ልደት መዝገብ አንድ ቃል የለውም። ይህን የምለው አንቀጹን ልሞግት ብዬ አይደለም፤ ያልተጻፈበትን እንዳናነብበት ነው። እኔን የሚመለከተኝ ሕግ ሌላ ነው፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 760/2004። በእሱ መሠረት ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ጾታም ይጻፋል። ሲወለድ ያልለየ ልጅ ምን ይጻፍለት የሚል መመሪያ ግን በሠራሁበት ጊዜ እኔ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም። ዝምታን ቁርጥ ነው ካሉት እሺ።

ሳጥን እንደሚለወጥ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ "ብሔር" የምትል ቦታ ነበረች። እናቱ ከአንድ፣ አባቱ ከሌላ የሆነ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ "ምን ልበል?" ይለኝ ነበር። አንዱን መርጦ ይሄዳል። ፋይዳ፣ አዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ፣ ሲመጣ ያችን ቦታ አላመጣትም፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ አሻራ፣ የዓይን ብሌን። ጾታ ቀረች። መቅረቷ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪም፣ እስር ቤት፣ የሴቶች ኮታ፣ የሕዝብ ቆጠራ ይፈልጓታል። ግን ሳጥን ከቀረ የተሳሳተ ሳጥን ይኖራል፤ የሚያርመው ደግሞ አንድ ሰው መሆን አለበት። ማን? በምን ማስረጃ? ወረቀቱ የት ይሠራል፣ የት አይሠራም? ሌላው ዓለም የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው። የአካል ምርመራ ብቻ የሚጠይቅ አገር አለ፣ አካሉ የለየውንም አዋቂ የሚሰማ አገር አለ። እኛ ጥያቄውን ገና አልጀመርነውም፤ እርስዎ ደግሞ ሳንጀምረው ዘጉት።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርዎ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፣ ኅዳር ላይ። አንዲት እናት ልጅ ይዛ ገባች። ልጁ ቁምጣ ለብሷል፤ አናቱ ላይ ገና ያልጠነከረች ቁንጮ አለች። "አንቱ፣ ያኔ ሴት ብለው ጽፈውልኝ ነበር" አለችኝ። መዝገቡን ስገልጥ መዝገቡ በተከፈተ ሰሞን የተጻፈ ነው። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ጾታ፦ ሴት።

ቤት ውስጥ ነው የተወለደው። አዋላጇ ሴት ናት አለች። በኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። በሰማንያ ቀን ክርስትና ተነሣ። ጋሜ ተሠራለት፣ ቀሚስ ለበሰ። ሦስት ዓመት ሲያልፈው ብሽሽቱ ላይ ያበጠ ነገር ታየ፤ ቡአ ነው ብለው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ መረመረ፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከ። ከዚያ የመጣችው ወረቀት ወንድ ነው ትላለች። እናትየው ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር ያመጣቻት፤ ስትፈታት ሁለት ቦታ ተሰንጥቃለች።

እኔ ሰርዤ መጻፍ አልችልም። ወደ በላይ ጻፍኩ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ታምጣ ተባለ። ፍርድ ቤቱ የሐኪሞች ማስረጃ ይሟላ አለ። ሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ። ሰባት ወር ተመላለሰች። በመሐል አጸደ ሕፃናት መግባት ነበረበትና በነበረው የልደት ወረቀት ገባ። መምህሯ በስም ዝርዝሯ ጠርታ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ላከችው። አልሄደም አሉ። መሐል ቆመ።

ይህ ልጅ ትራንስጀንደር አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት ሁለቱን አልቀላቅልም። በእርስዎ ሚዛንም ቢሆን ወንድ ነው፤ ኤክስ ዋይ። እርስዎ በጻፉት ዓለም ውስጥ ምንም ችግር ሊገጥመው የማይገባ ልጅ ነው። ግን ሰባት ወር።

ትእዛዙ ሰኔ ላይ መጣ። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ "ሴት" የሚለው "ወንድ" ተብሎ ታርሟል ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። አዲሱን ወረቀት ሰጠኋት። አጥፋ ቋጠረችው። ትሄዳለች ስል ቆመች።

"የክርስትና ስሙ ወለተ ሥላሴ ነው" አለች። "ሲቆርብ በምን ይጠራ? አንድ ቀን ሲፈታስ በምን ይፈታ?"

እኔ የመንግሥት መዝገብ እንጂ የዚያኛው ቁልፍ የለኝም። ንስሐ አባትሽን ጠይቂ ብዬ ሸኘኋት። እስከ ዛሬ ያ መልስ ይቆረቁረኛል። እርስዎ ግእዙንም ሥርዓቱንም የሚያውቁ ነዎት፣ መምህር። ምን ልላት ይገባ ነበር?